ስብን መቀነስና ሥጋን መቀነስ፦ ስለ ሩጫና ስለ ክብደት ማንሣት በሚሰጠው ምክር ላይ የቀረበ ሒስ

በአገራችን ልማድ የወፈረ ሰው «ተመችቶሃል» ይባላል፤ የከሳ ሰው ደግሞ «ምነው፣ አሞህ ነበር ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህ አነጋገር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ረኃብ በተደጋጋሚ በጎበኛት አገር በሰው ገላ ላይ የተረፈ ሥጋ የጥጋብና የሰላም ምልክት ነበር። በዛሬው ጊዜ ግን ቀኑን በወንበር ላይ የሚውለው የከተማ ሰው፣ ማለት ጸሐፊው፣ አስተማሪው፣ ነጋዴውና እንደ እኛ ያለው ተማሪ፣ ያንኑ ምርቃት እንደ ነቀፋ ይሰማው ጀምሯል። ቦርጩን ለማጥፋት ብሎ ወደ ስፖርት ቤት ሲሄድም እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ምክሮች ይቀበሉታል። አንዱ «ስብ የሚቀልጠው በሩጫ ብቻ ነው፤ ብረቱን ተወው» ይለዋል። ሁለተኛው «ሩጫ ያኮሰምንሃል፤ ብረት አንሣ» ይለዋል። ሦስተኛው ሆዱን በላስቲክ ጠቅልሎ እንዲያልበው ያዘዋል። አራተኛው ደግሞ «ባላገሩን ተመልከት፤ ስለሚራመድ አይወፍርም፤ አንተም ብትራመድ ይበቃሃል» ይለዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ምክሮች አንድ በአንድ መመርመር ነው። ምክሮቹ ሁሉ ፈጽሞ ሐሰት ናቸው ለማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ጉድለታቸው ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ሰው ስንት ኪሎ እንደ ቀነሰ ይጠይቃሉ እንጂ የቀነሰው ምን እንደሆነ አይጠይቁም። ሚዛን ስብን ከጡንቻ ለይቶ አይናገርም። ከሰውነታችን የሄደው ስቡ ነው ወይስ ሥጋው? የጽሑፋችን ጥያቄ ይህ ነው።

ስለ ተመረጠው ስፍራ

ለምርመራችን ምሳሌ እንዲሆነን የመረጥነው የዛሪማንና የሊማሊሞን መንገድ ነው። ዛሪማ ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ወደ አዲ አርቃይ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሊማሊሞ ገደል በታች የምትገኝ የቆላ ከተማ ናት። ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን ዛሪማ ከእርሷ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች። በገደሉ ላይ የሚጠማዘዘውን የመኪና መንገድ ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ሠሩት። ዛሬ ሰውና እህል በብዛት በመኪና ይመላለሳሉ፤ ይሁን እንጂ ከመንገዱ ርቆ በየሸንተረሩ ለሚኖረው ሰው እግሩና ጀርባው፣ ሲኖረውም በቅሎውና አህያው፣ ዋና መጓጓዣዎቹ ናቸው።

ይህን ስፍራ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በስፖርት ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል ሆነው የምናያቸው ሥራዎች፣ ማለት ልብንና ሳንባን የሚያሠራው ረዥም ጉዞና ጡንቻን የሚያሠራው ሸክም፣ በዳገት ላይ በአንድ ሰው አካል ተባብረው ይገኛሉ። ሁለተኛ፣ የአካባቢው ሰው አካል ከዚህ ቀደም በሳይንስ የተመረመረ ነው። ሃሪሰን የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅና ባልደረቦቻቸው በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በ3,000 ሜትር ገደማ በደባርቅ የሚኖሩትን ሰዎች በ1,500 ሜትር ገደማ በአዲ አርቃይ ከሚኖሩት ጋር አነጻጽረዋቸዋል፤ የደገኞቹም ደረት ሰፋ ያለ፣ የሳንባቸውም ችሎታ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ የተነሣው ስለ ከፍታ እንጂ ስለ ውፍረት አልነበረም። ቢሆንም በጥቂት ሰዓት መንገድ ላይ የሚገኙ ሁለት መንደሮች ለንጽጽር እንዴት እንደሚመቹ አሳይቶናል።

ስለ ላብ

በመጀመሪያ በላስቲክ ተጠቅልሎ ማላብን እንመልከት። ከደባርቅ ብርድ ወደ ዛሪማ ሙቀት የሚወርድ ሰው ላቡ ይንቆረቆራል። ከዛሪማ ወደ ደባርቅ የሚወጣው ግን ከገደሉ ጫፍ ሲደርስ ብርዱ ላቡን ያደርቅለታል። ላብ የስብ መለኪያ ቢሆን ኖሮ ቁልቁል የወረደው ይበልጥ በከሳ ነበር። ነገር ግን ብዙ ኃይል ያወጣው ሽቅብ የወጣው መሆኑን ልጅም ያውቀዋል። ላብ ሰውነት ሙቀቱን የሚያበርድበት ውኃ ነው፤ ሰውየው ውኃ በጠጣ ጊዜ የወረደው ኪሎ ተመልሶ ይመጣል።

ታዲያ ስብ የሚወጣው በየት ነው? ሰውነት ከምግብ ያገኘው ኃይል ለሥራው ሳይበቃ ሲቀር በስብ ሕዋሶች ውስጥ የተከማቸው ስብ ተፈትቶ ወደ ደም ይገባል፤ በጡንቻና በልዩ ልዩ ክፍሎችም ውስጥ ይቃጠላል። ሚርማንና ብራውን የተባሉ ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት ከሚቃጠለው 10 ኪሎ ስብ ውስጥ 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ውኃ ይሆናል። እንግዲህ ስብ ከሰውነት የሚወጣበት ዋናው በር አፍንጫና አፍ ነው ማለት ይቻላል። ዳገት ላይ የሚያለከልከው ሰው ላስቲክ ከጠቀለለው ሰው ይልቅ ለዚህ ሥራ ቀርቧል።

ስለ ሆድ ብቻ

ቦርጭ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው በጀርባው ተኝቶ ወገቡን ቀና ደፋ እንዲያደርግ ነው። ሐሳቡ «የሚሠራው ክፍል የራሱን ስብ ያቃጥላል» የሚል ነው። ነገር ግን ከላይ እንደ ገለጽነው ስብ የሚጓዘው በደም ነው፤ ደም ደግሞ ለመላው አካል የጋራ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንዶች መረመረ። የሚመቱበት ክንድ ከሌላው ይልቅ ጡንቻው ወፍሮ ሳለ ከቆዳ በታች ያለው ስብ ግን በሁለቱም ክንዶች እኩል ሆኖ ተገኘ። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ 24 ሰዎች ተመርጠው ከፊሎቹ ለ6 ሳምንት የሆድ ስፖርት ብቻ ሲሠሩ ቆዩ፤ የሆዳቸው ጡንቻ ድካምን ቻለ፣ የሆዳቸው ስብ ግን አልቀነሰም።

እዚህ ላይ «አልወርድ አለ» ስለሚባለው ስብ አንድ ነገር መለየት ይገባል። የሆድ ስብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በቆዳ ሥር የሚገኘውና በእጅ የሚጨበጠው ነው። ሁለተኛው በጉበትና በአንጀት ዙሪያ በውስጥ የተከማቸው ሲሆን ለስኳር በሽታና ለልብ ሕመም ይበልጥ የሚያሠጋው ይህኛው ነው። ሰው እንቅስቃሴ ሲጀምር የውስጡ ስብ ቶሎ ይታዘዛል፤ የቆዳው ግን ይዘገያል። ስለዚህ በመስተዋት ፊት ቆሞ «ምንም አልተለወጥኩም» የሚል ሰው በማይታየው ስፍራ ብዙ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። መስተዋቱን ብቻ አምኖ ሥራውን የሚተው ሰው ዋናውን ትርፍ ይጥላል።

ስለ ሩጫና ስለ ብረት ክርክር

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንግባ። በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደውና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ውፍረት ያላቸውን ሰዎች በሦስት ቡድን ከፍሎ 8 ወር አሠራቸው። ጥናቱን የፈጸሙት 119 ነበሩ። አንደኛው ቡድን ልብንና ሳንባን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ብቻ፣ ሁለተኛው ክብደት ማንሣት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሠራ። በመጨረሻም የመጀመሪያው ቡድን ከስቡ 1.7 ኪሎ ያህል ሲቀንስ ጡንቻው ባለበት ቆየ። ብረት ብቻ ያነሣው ቡድን ከስቡ የቀነሰው ከቁጥር የማይገባ ሲሆን ከስብ ውጭ ያለው ሥጋው በ1 ኪሎ ያህል ጨመረ። ሁለቱንም የሠራው ከስቡ 2.4 ኪሎ ያህል ቀነሰ፣ ሥጋውም ወደ 1 ኪሎ ተጠጋ ጨመረ፤ ነገር ግን እጥፍ ጊዜ ፈጀበት።

ከዚህ ጥናት ተነሥተው «እንግዲያው ብረት ለስብ አይጠቅምም» የሚሉ አሉ። እኛ ግን በዚህ አነባበብ ላይ ሁለት ተቃውሞ አለን። አንደኛ፣ 8 ወር ሙሉ ተደክሞበት የወረደው ስብ ሁለት ኪሎ ገደማ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ የጥናቱ ተካፋዮች አመጋገባቸውን እንዲቀንሱ አልታዘዙምና። ስለዚህ ክርክሩ በሩጫና በብረት መካከል ብቻ አይደለም፤ ከሁለቱም የሚበልጥ ሦስተኛ ባለጉዳይ አለ፤ እርሱም ገበታ ነው። ሁለተኛ፣ ሰው ምግቡን ቀንሶ ሲከሳ የብረት ጥቅም በግልጽ ይወጣል። ቪላሪያልና ባልደረቦቹ በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ160 የወፈሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች መካከል በሦስት ቡድን የተመደቡት በምግብ ቅነሳ ላይ ልዩ ልዩ እንቅስቃሴ ተጨምሮላቸው በ6 ወር ውስጥ ከክብደታቸው 9 በመቶ ያህል ቀነሱ። በኪሎ ሲታይ ሦስቱም ቡድኖች እኩል ናቸው። ነገር ግን ሩጫና እርምጃ ብቻ የሠሩት ከስብ ውጭ ካለው ሥጋቸው 5 በመቶ ሲያጡ ክብደት ያነሡት 2 በመቶ፣ ሁለቱንም የሠሩት 3 በመቶ ብቻ አጡ። በአካል ብቃት ፈተናም ሁለቱንም የሠሩት ከሁሉም በለጡ። ሚዛን እኩል ያደረጋቸውን ሰዎች ጡንቻቸው ለያቸው ማለት ነው።

በሌላ በኩል «ሁለቱንም እስከ መጨረሻ ኃይሌ እሠራለሁ» የሚል ሰው ሂክሰን የተባለው ተመራማሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ያገኘውን ማስታወስ ይገባዋል። በሳምንት ውስጥ ከባድ ሩጫና ብስክሌት ከከባድ ክብደት ማንሣት ጋር ደርበው የሠሩ ሰዎች ጉልበታቸው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ካደገ በኋላ ቆመ፤ በአሥረኛው ሳምንትም ወደ ኋላ ተመለሰ። ይህ ግን እጅግ ለበዛ ሥራ የሚሆን ማስጠንቀቂያ እንጂ ለመጠነኛ ተማሪ ወይም ሠራተኛ የሚያስፈራ አይደለም።

ስለ ባላገሩ አካሄድ

«ባላገሩ ስለሚራመድ አይወፍርም» የሚለው ምክር ከሁሉ ይልቅ ለጆሮ የሚጥም ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ ይልቅ መመርመር ያለበት እርሱ ነው። እስቲ በሒሳብ እንየው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 20 ኪሎ እህል ተሸክሞ አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ቢወጣ ያንን ክብደት ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 187 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ስለሆነ ሰውየው በእውነት የሚያወጣው ወደ 750 ኪሎ ካሎሪ ይደርሳል። ይህ ኃይል በ200 ግራም ጥቂት በሚያልፍ የጤፍ ዱቄት ውስጥ ይገኛል። የአንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ኃይል ግን 7,700 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ስለዚህ ይህ ሰው አንድ ኪሎ ስብ ለማጥፋት ዳገቱን ከነሸክሙ አሥር ጊዜ ያህል መውጣት አለበት፤ ያውም በወጣ ቁጥር ከወትሮው አብልጦ ባይበላ ነው። ዳገቱ የወሰደውን መሶብ በአንድ ቁርስ ይመልሰዋል።

ይህን የሚያጠናክር ማስረጃ ከጎረቤታችን ከምሥራቅ አፍሪካ አለ። በታንዛኒያ በአደንና በሥራሥር ለቀማ የሚኖሩት ሃድዛዎች በየቀኑ ረዥም መንገድ ይጓዛሉ። ፖንትዘርና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ግን ሃድዛዎች በቀን የሚያወጡት ጠቅላላ ኃይል፣ የሰውነት መጠን ልዩነት ሲታሰብ፣ ከአሜሪካና ከአውሮፓ ሰዎች ብዙም አይበልጥም። ሰውነት በእርምጃ ያወጣውን በሌላ ስፍራ እየቆጠበ ሒሳቡን ያስተካክላል ማለት ነው። እንግዲህ የሸንተረሩ ሰው የማይወፍረው በእግሩ ብቻ አይደለም፤ ጎተራውም ስለሚለካበት ነው። የከተማው ሰው እግሩን ብቻ ወስዶ ገበታውን እንደ ነበረ ቢተወው የተቀዳው ግማሹ ነው።

ይህን ስንል መራመድ አይጠቅምም ማለታችን አይደለም። በኦስትሪያ ተራሮች 45 ሥራ ፈት የነበሩ ጤነኞች ሁለት ወር ዳገት ብቻ ወጡ፣ ሁለት ወር ደግሞ ቁልቁለት ብቻ ወረዱ፤ ሌላውን መንገድ በገመድ ላይ በሚሄድ መኪና ይጓዙ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት ዳገቱ በደም ውስጥ ያለውን ስብ ሲቀንስ ቁልቁለቱ ሰውነት ስኳርን የሚይዝበትን ችሎታ አሻሻለ። በቁልቁለት የጭን ጡንቻ እየተዘረጋ ሰውነትን እንደ ፍሬን ይይዛል፤ ይህም እንደ ክብደት ማንሣት ያለ ሥራ ነው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በእግሩ የወረደ ሰው በማግስቱ ጭኑ የሚታመመው ስለዚህ ነው። ሊማሊሞ ሽቅብ ልብን፣ ቁልቁል ጭንን የሚያሠራ ስፍራ ሆኖ ይገኛል።

ክሳት ሁሉ ጤና ስላለመሆኑ

የሒሳችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። «ክሳ» የሚለው ምክር በአገራችን ሲነገር ማን እንደሚሰማው መታሰብ አለበት። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል 8 በመቶ ያህሉ ከመጠን በላይ የወፈሩ ሲሆኑ 22 በመቶ ያህሉ ከመጠን በታች የከሱ ነበሩ። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ምክር ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል።

ከዚህም አልፎ የቀጠነ ሰው ሁሉ ከስኳር በሽታ ነጻ አይደለም። በጎንደር የሚሠሩ ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ በጎንደር ገጠር ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የስኳር ሕመምተኞች ብዙዎቹ ድሆችና ከሲታ ገበሬዎች መሆናቸውን አስረድተው፣ በሽታው ከምግብ እጦት ጋር ያለው ግንኙነት እንደገና እንዲመረመር ጠይቀዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል። እንግዲህ በአንድ አውራጃ ውስጥ በከተማ የወፈረው ከስቡ ብዛት፣ በገጠር የከሳው ከምግቡ ማነስ የተነሣ በአንድ ስም የሚጠራ በሽታ ያገኛቸዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ክሳትን በደፈናው ጤና ብሎ አይጠራም።

በጓደኞቻችን መካከል ቁርስንና ምሳን ትቶ መሮጥ እንደ ብልኃት ሲቆጠር እናያለን። ይህን የሚያደርገው ተማሪ በሳምንቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎው ወርዶ ያገኘዋል፤ ደስም ይለዋል። ነገር ግን ምግብ አጥቶ፣ ጡንቻውም ያለ ሥራ ተቀምጦ የሚከሳ ሰው ከስቡ ጋር ሥጋውን ይበላል። በኋላ ወደ ቀድሞው አመጋገቡ ሲመለስ ስቡ በፍጥነት ይመለሳል፤ ሥጋው ግን ይዘገያል።

ስለ ትክክለኛው ሚዛን

ታዲያ ምን ይደረግ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ የልብና የሳንባ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ያዛል። ይህ ሚዛን ግማሽ በግማሽ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። እርምጃውና ሩጫው በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይሠራል፤ ክብደቱ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን በእረፍት እየተለየ ይሠራል። የመጀመሪያው ስቡን ያቃጥላል፤ ሁለተኛው ሥጋውን ይጠብቃል፤ ገበታው ደግሞ የሁለቱን ውጤት ይወስናል።

ለዚህ ሥራ የግድ ስፖርት ቤት አያስፈልግም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ ግማሹ ሲሞላ 10 ኪሎ ነው። ጀሪካኑን ከመሬት ማንሣት፣ ይዞ መቀመጥና መነሣት፣ ከራስ በላይ መግፋት ለመላው አካል ይበቃል። ድንጋይም ሆነ ጆንያ ይህንኑ ይሠራል። ጡንቻ እንዳይጠፋ ደግሞ ገንቢ ምግብ ያስፈልጋል። በጾም ወራት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማይበላው ሰው መፍራት የለበትም፤ በ100 ግራም ደረቅ ምስር ወይም ባቄላ ውስጥ ወደ 25 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይገኛል። ከእንጀራው ቀንሶ ሽሮውንና ክኩን ማብዛት ስብን ለመቀነስ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የቀለለ ዘዴ ነው።

ለመለኪያም ክር ይበቃል። ክሩን በቁመት ለክቶ ለሁለት ማጠፍ፣ ከዚያም የታጠፈውን ክር በወገብ ላይ መጠምጠም ነው። ክሩ ወገብን ዞሮ ከገጠመ መልካም ነው፤ ካጠረ ግን የወገቡ ልክ ከቁመቱ እኩሌታ በልጧልና ስቡ ያሠጋል። በየወሩ ክሩን ማየት፣ በተጨማሪም ጀሪካኑን ስንት ጊዜ ማንሣት እንደ ተቻለ መጻፍ ይገባል። ወገቡ እየጠበበ ጉልበቱ ከቆየ ወይም ከጨመረ የሄደው ስብ ነው። ወገቡም ጉልበቱም አብረው ከወረዱ ግን ሥጋም እየሄደ ነውና ምግቡ ይታይ።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ዘረዘርነው በሩጫና በብረት መካከል የቆመው ክርክር በተሳሳተ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። ሁለቱ ባላጋራዎች ሳይሆኑ የሥራ ተካፋዮች ናቸው፤ የዳገትና የሸክም አገር ሰው ይህን በአካሉ ያሳያል። ነገር ግን ያው ሰው ሥራ ያለ በቂ ምግብ ሥጋን እንደሚጨርስም ያሳያል። ስለዚህ የከተማው ሰው ከባላገሩ ሥራውን እንጂ ችግሩን እንዲቀዳ ሊመከር አይገባም።

ለአስተማሪዎቻችንና ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በደባርቅና በአዲ አርቃይ የተካሄደው ጥናት ከታተመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ በደባርቅ፣ በዛሪማና በአዲ አርቃይ ከተሞች በመኪና የሚሄደውንና በንግድ ቤት የሚውለውን ሰው፣ ከከተሞቹም ውጭ በእግሩ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሰው ወገብ፣ የእጅ ጉልበትና የደም ስኳር ለክቶ ማነጻጸር ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። የልኬት ክር፣ የጭብጥ ኃይል መለኪያና የስኳር መመርመሪያ ይዘው በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ አገራቸው የሚሄዱ ጥቂት ተማሪዎች በአስተማሪ መሪነትና በነዋሪው ፈቃድ ሊጀምሩት ይችላሉ። ያን ጊዜ ስለ ስብና ስለ ሥጋ የምንሰጠው ምክር ከራሳችን ሰው በተገኘ ልኬት ላይ ይመሠረታል።